በሸምሱ ስም የተጻፈው ጀፎረ

ባለፈው ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ሁለት ወጣቶች ቤቴ መጡ። የሰፈራችን መረዳጃና ልማት ማኅበር ኮሚቴ ናቸው። ሊቀመንበሩ ቢንያም ይባላል፣ የጎረቤቴ የልጅ ልጅ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ነው የገባው። ማኅበሩ የተመሠረተበትን ዓመት ድንኳን ተክለው ሊያከብሩ ነው። ከመሥራቾቹ በሕይወት የቀረሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ አጭር ንግግር እንዳደርግላቸው ፈልገዋል። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። በዚህ ዕድሜዬ የሚፈልገኝ ሐኪም ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ቢንያም በቀለም የታተመች አንዲት ወረቀት ሰጠኝ። ለእንግዶች የምትታደል የማኅበሩ አጭር ታሪክ ናት። መነጽሬን አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። መሃል ላይ ስደርስ እንዲህ ይላል፦ «ማኅበራችን በንጉሡ ዘመን የሰፈሩን ጀፎረ በግል ስሙ አዙሮ ሊነጥቅ የሞከረውን ሸምሱ የተባለ ግለሰብ አውግዞ ከአባልነት በማስወገድ የጋራ መሬታችንን ለማስከበር ታሪካዊ ተጋድሎ አድርጓል።»

ሸምሱ የተባለ ግለሰብ። ደሜ ፈላ። ወረቀቱን እጥፍ አድርጌ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩና፣ «ይሄንን ማን ነው የነገራችሁ?» አልኩ። ድምፄ ሳላስበው ከፍ ብሎ ኖሮ ልጄ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችኝ። ቢንያም ደነገጠ። «ማንም አልነገረንም አባባ፣ ከማኅበሩ የድሮ መዝገብ ላይ ነው የቀዳነው። እንዲያውም የእርስዎ የእጅ ጽሑፍ ነው። እንዴት ያምራል!» አለኝ። ልጁ እኔን ሊያስደስት ነው ያለው። ለሌላ ቀን ቀጥሬ ሸኘኋቸውና እስኪመሽ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። የእጅ ጽሑፌ ነዋ። ታዲያ ማንን ልቆጣ?

ጀፎረ ምን እንደሆነ የማያውቅ አንባቢ ይኖራል፤ ቢንያምም ራሱ የሚያውቀው በፎቶ ነው። በእኛ በጉራጌ አገር ቤት በዘፈቀደ አይሠራም። መሃል ላይ ሰፊ የሣር ሜዳ፣ ቀጥ ያለ፣ ከሰፈሩ ራስ እስከ ሰፈሩ እግር ድረስ ይዘረጋል። ቤቶቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ፊታቸውን ወደ እሱ ይመልሳሉ። እንሰቱ ከቤቱ ጀርባ ነው። ያ የመሃሉ ሣር ጀፎረ ነው። መንገድ ነው፣ ግን መንገድ ብቻ አይደለም። ሙሽራ የሚሄደው በሱ ነው፣ ሬሳ የሚወጣው በሱ ነው፣ ጥል የሚታረቀው እሱ ላይ ነው፣ ፈረስ የሚጋለበው፣ ጥጃ የሚለቀቀው እሱ ላይ ነው። የኛው አሥር ፈረስ ጎን ለጎን ያስጋልብ ነበር። ለመስቀልም ለዓረፋም ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሁሉ አውቶቡስ ተራ ወርዶ ሻንጣውን በትከሻው አድርጎ በዚያ ሣር ላይ ሲመጣ፣ ግራና ቀኝ ከየቤቱ ደጃፍ ስሙ ይጠራል። እቤቱ ሳይደርስ ሃያ ቦታ ይሳማል። አንድ ሰው አጥሩን አንድ እርምጃ ያህል ወደ ጀፎረው ቢገፋ ሽማግሌዎቹ ቃል ሳይናገሩ ይመጡና አጥሩን በሙሉ ነቅለውለት ይሄዳሉ፤ ኮርማም ይቀጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማንም ሰው በአፉ «ጀፎረው የኔ ነው» አይልም። የኔ ያለ ቤቱ ይፍረስ ተብሎ የተረገመበት ነገር ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም በዚህ አንድ ነበር።

ሰፈራችን ያኔ ከቡታጅራ ከተማ ትንሽ ወጣ ያለ ገጠር ነበር ማለት ይቻላል። ከተማው ግን በየዓመቱ ይጠጋን ነበር። የአዲስ አበባው አውቶቡስ አቧራውን እያስነሳ ሲገባ ሰው ሥራውን ጥሎ ይወጣል። ሻይ በአምስት ሳንቲም፣ ዳቦ በአምስት ሳንቲም ነበር። ዓይን የሚሞላ በግ በስድስት ብር ይገኛል። በገበያ ቀን የበርበሬው ጆንያ ሲራገፍ ግማሹ ከተማ ያስነጥሳል። ሻይ ቤቱ ውስጥ ባለቤቱ ከአዲስ አበባ ያመጣት የሸክላ ማጫወቻ ነበረች። አንዱን ዘፈን ሲወደው መርፌዋን እያነሳ ደግሞ ደግሞ ያስጮኸዋል፣ እኛም ሻያችንን ሳንጨርስ ሆን ብለን እናቆያለን። የዘመኑ ልብስ እግሩ ሰፊ የቴትሮን ሱሪ ነበር፤ ጫማ ሸፍኖ መሬት ሊጠርግ ትንሽ የሚቀረው። ያንን ሱሪ ቡታጅራ ውስጥ እንደሱ የሚሰፋ አልነበረም። እሱ ማለቴ ሸምሱን ነው።

የሸምሱ ሱቅ ከገበያው ወደ ሰፈራችን በሚታጠፈው ማዕዘን ላይ፣ ከአንድ የግራር ዛፍ ሥር ነበር። አንዲት በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪና፣ አንድ የከሰል ካውያ፣ ግድግዳው ላይ ከመጽሔት የተቆረጠ የኮት ሥዕል። ልጅነቱን አዲስ አበባ መርካቶ ከልብስ ሰፊ ጋር ያሳለፈ ስለሆነ ሲያወራ የከተማ ልጅ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ይቀልዳል። እኔ ያኔ ገና አስተማሪነት የተቀጠርኩ ነኝ፣ ደመወዝ ባገኘሁ ቁጥር እሱ ጋ ነኝ። «ተክሌ፣ ወገብህን ስለካ አትንፋ፤ ወላሂ ኋላ ሱሪው ይወድቅብህና ተማሪ ፊት ታፍራለህ» ይለኛል። ለሱሪ አንድ ብር ከሃምሳ ያስከፍላል፤ ለአስተማሪ ግን ቁልፉን በነፃ ይጨምራል። ቤቱ የጀፎረው ታችኛው ጫፍ ላይ ነው፤ ከሚስቱ፣ ከአሮጊት እናቱና ከትንሿ ልጁ ከሙኒራ ጋር ይኖራል። እናቱን የሰፈሩ ሰው ሁሉ «እማማ» ነበር የሚላቸው። የታመመ ሲኖር ሳይጠሩ የሚደርሱ፣ የማንን ልጅ ማን እንዳጠባው ሳይቀር የሚያውቁ ሴት ነበሩ።

ማኅበራችንን ያቋቋምነው ያኔ ነው። ሊቀመንበሩ አባ ዘርጋ ነበሩ፤ ረዥም፣ ቀጭን፣ ካኪ ኮታቸውን በጋ ከክረምት የማያወልቁ፣ ሲናገሩ ሰው የሚያደምጣቸው ሽማግሌ። ፊደል የቆጠርኩ እኔ ስለነበርኩ ጸሐፊ አደረጉኝ። ሥራችን ቀብር ማስፈጸም፣ ድልድይ መጠገን፣ የምንጩን አጥር ማደስ ነበር። ጀፎረው የማኅበሩ ሥራ ነው ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ጀፎረ ማን ያስባል? ሰማይን ማን ያስባል?

ከዚያ ማዘጋጃ ቤቱ ሰዎቹን ላከ። ሦስት ናቸው፤ አንዱ የብረት ሰንሰለት ይጎትታል፣ አንዱ ቀይና ነጭ የተቀባ እንጨት ይተክላል፣ ሦስተኛው፣ ዋናው ጸሐፊ፣ ጃንጥላ ይዞ ቅጽ ይሞላል። ከተማው ሊሰፋ ስለሆነ መሬት ሁሉ በባለቤቱ ስም ይመዝገብ ተባለ። ቤት ለቤት እየለኩ መጡና ጀፎረው ላይ ደረሱ። ጸሐፊው ጃንጥላውን ዘቅዝቆ ተደግፎ፣ «ይሄስ የማን ነው?» አለ። ያንን ቀን መቼም አልረሳውም። አባ ዘርጋ ደረታቸውን ነፍተው ነው የመለሱት። «ባለቤት የለውም ጌታዬ፤ ጀፎረ ነው» አሉ። ጸሐፊው ቅጹን አሳያቸው፤ የባለቤት ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የሚከፈል ግብር። «ለዚህ ማንን ልጻፍ?» አለ። «ማንንም አትጻፍ» አሉት። «እንግዲያው ይሄንን በጣታችሁ አረጋግጡልኛ» ብሎ ባለቤት የሌለው መሬት ነው የሚል ወረቀት አዘጋጀ። እና አሥራ አንዱም የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተሰልፈው፣ ማነው ቀድሞ የሚፈርም እየተባባሉ፣ አውራ ጣታቸውን በቀለም እየነከሩ ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። ኮርተው ነበር። የራሳቸው ያልሆነውን የኔ ነው እንደማይሉ፣ ንጹሕ ሰዎች እንደሆኑ ለመንግሥት ሰው ያሳዩ መሰላቸው። እኔ አስተማሪው፣ ፊደል የቆጠርኩት፣ አጠገባቸው ቆሜ ወረቀቱን እያነበብኩ አፌን ዘጋሁ። ዛሬ ድረስ እነሱን ሳስብ እናደዳለሁ፤ ራሴን ሳስብ ግን የባሰ እናደዳለሁ።

ሁለት ወር ሳይሞላ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ባለቤት እንደሌለው በአገር ሽማግሌዎች የተረጋገጠ ቦታ የመንግሥት ስለሆነ ለወፍጮ ቤትና ለእህል መጋዘን ለአንድ ባለጸጋ ተመርቶ ተሰጥቷል፤ ተቃዋሚ ካለ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ የስሙን ማስረጃ ይዞ ይቅረብ ይላል። ባለጸጋው የአዲስ አበባ ሰው ነው፤ ሹማምንት የሚያውቅ፣ መኪናው ሲቆም ዘበኛው ቀድሞ የሚወርድለት። ማስታወቂያውን ገልብጬ ለማኅበሩ አነበብኩላቸው። መጀመሪያ አላመኑኝም፤ ጣታቸውን ያሳረፉት ጀፎረውን ሊያስከብሩ እንጂ ሊሰጡ እንዳልሆነ ደጋግመው ነገሩኝ። በማግስቱ አሥራ አንዱንም ይዤ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ዘንድ ሄድን። ሰላምታችንን እንኳ በቅጡ አልመለሰም። «በማኅበሩ ስም ይጻፍልን» አልኩት። «ማኅበር መሬት አይዝም፤ ሰው አምጡልኝ። ወሰኑ ከቦታው ጋር የሚነካካ፣ ግብር የሚከፍል አንድ ሰው። እሱ ማስፋፊያዬ ነው ብሎ ካመለከተ ምሪቱ ይቆማል» አለኝ። ይሄንን ያለው አዝኖልን አይደለም፤ ሊያሰናብተን ነው። እኔ ግን ያዝኩት።

ስብሰባ ተጠራ። ሐሳቡን አቀረብኩ። አንድ ሰው ለጊዜው በስሙ ያስመዝግብ፣ ነገሩ ሲበርድ ደግሞ የሁላችን መሆኑን እሱው ይፈርምልናል አልኩ። አባ ዘርጋ እስክጨርስ አዳመጡኝና፣ «አንተ ልጅ፣ ትምህርትህ ጥሩ ነው። ግን ጀፎረ በሰው ስም ከተጠራ በኋላ ጀፎረ ነው እንዴ? ሰውየው ወፍጮ ቢተክልበት እንከሰዋለን፣ ጃንሆይ ድረስ እንጮሃለን። ከእኛ አንዱ የኔ ካለው ግን ማንን እንከሳለን?» አሉኝ። ሁሉም አጨበጨቡ። ጃንሆይ ድረስ መጮህ። አሥራ አምስት ቀን ብቻ ተሰጥቶን። እልህ ይዞኝ ወጣሁ። ጨዋነታቸው አበገነኝ፤ እጃቸውን አጣምረው ንጹሕ ሆነው ሊዘረፉ ነው።

ሸምሱ ሱቅ ሄጄ ተቀመጥኩ። ጠርዝ ይሰፋ ነበር። ሁሉንም ነገርኩትና፣ «ያንተ ቤት ወሰኑ ከጀፎረው ይነካካል፤ ግብርም ትከፍላለህ» አልኩት። መኪናውን አቆመ። «እርግማኑስ?» አለኝ። «እርግማኑ ለነጣቂ ነው፤ አንተ ልታድነው ነው» አልኩት። «አንተስ ተክሌ? ለምን ባንተ ስም አናደርገውም?» አለ። ቤቴ ከላይ በኩል ነው፣ ወሰኔ ከመኪና መንገዱ ነው የሚያያዘው አልኩት። እውነት ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆንኩ አያምርም አልኩት። እሱም እውነት ነው። ያላልኩት ግን እርግማኑን መፍራቴን ነው፤ አባ ዘርጋ ፊት መቆም መፍራቴን ነው። ሸምሱ ትንሽ አሰበና፣ «ሽማግሌዎቹ ቢቀየሙኝ አንተ ታስረዳልኛለህ?» አለኝ። «እኔ አለሁ» አልኩት። ይህቺን ቃል ባልናገር ኖሮ ዛሬ ይሄንን ባልጻፍኩ። ማመልከቻውን እዚያው ሱቁ ውስጥ፣ የልብስ መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ጻፍኩለት። አሳምሬ ነው የጻፍኩት። ሸምሱ ፈረመና በማግስቱ ወስዶ አስመዘገበ። ምሪቱ ታገደ። ባለጸጋው ሌላ ቦታ ፈለገ። ጀፎረው ተረፈ፤ አንድ ሣር እንኳ ሳይነካ ተረፈ።

ሳምንት ሳይቆይ ወሬው ደረሰ። ማዘጋጃ ቤት የሚሠራ አንድ ተላላኪ የማመልከቻውን ግልባጭ ለአባ ዘርጋ አምጥቶ ሰጣቸው። ማኅበሩ ጀፎረው ላይ ተሰበሰበ፤ እስላም ክርስቲያኑ፣ ወንድ ሴቱ። ሸምሱ መሃል ቆመ። መርካቶ የተሰፋች ግራጫ ኮቱን ለብሶ ነበር፣ ደህና ቀን የሚለብሳትን። ሊመሰገን የመጣ ይመስል ነበር፤ አልሃምዱሊላህ ተረፈልን እያለ ከዚህም ከዚያም ሰላም ሲል ማንም አልመለሰለትም። አባ ዘርጋ ወረቀቱን ከኮታቸው አወጡና ለእኔ ሰጡኝ። «አንብብልን» አሉኝ።

የራሴን ጽሑፍ አነበብኩ። «እኔ አመልካቹ ከቤቴ ጋር የተያያዘውን ክፍት ቦታ የይዞታዬ ማስፋፊያ በማድረግ…» እያልኩ፣ ድምፄ ሳይሰበር፣ እስከ ፊርማው አነበብኩ። ሴቶች ደረታቸውን መቱ። አባ ዘርጋ፣ «ይሄንን ማን ጻፈልህ?» አሉ። ሸምሱ አየኝ። አንድ አፍታ ነው ያየኝ። እኔ ወረቀቱን ነበር የማየው። «ገበያ ላይ ያለ ማመልከቻ ጸሐፊ ነው» አለ። «ማን መከረህ?» አሉት። ዝም አለ። «ሸምሱ፣ ማን መከረህ? መካሪ ካለ ጥፋቱ ለሁለት ይከፈላል።» እንደገና ዝም አለ፤ ጊዜ እየሰጠኝ ነበር። አሁን ነው የሚገባኝ አልልም፤ ያኔም ገብቶኛል። አንድ ቃል ብናገር ጥፋቱ ለሁለት ይከፈል ነበር፤ ምናልባትም ሰው ሐሳቡን ተረድቶ ይቅር ይለው ነበር። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ያውም ማኅበሩ ፊት ያቀረብኩትን ሐሳብ። ሰው ሁሉ ሐሳቡ የእኔ መሆኑን ያውቃል፤ ግን አባ ዘርጋ ውድቅ ሲያደርጉት የተውኩት መስሏቸዋል። «ማንም አልመከረኝ። የራሴ ነው» አለ ሸምሱ።

ፍርዱ አጭር ነበር። ከማኅበሩ ወጣ። ቤቱ ማንም አይገባም፣ እሳት አይሰጠውም፣ ልብስ እሱ ጋ አያሰፋም፣ ሰላም አይባልም፤ ስሙን ከጀፎረው እስኪያነሳ። ስሙን ቢያነሳ ደግሞ ምሪቱ ወዲያው እንደሚመለስ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። አላነሳም። እነሱን ጀፎረ ሊያሳጣቸው አልፈለገም፤ የሚጠሉት በዚያው ሣር ላይ ቆመው ነበር። ውሳኔውን መዝገቡ ላይ ያሰፈርኩት እኔ ነኝ። ቢንያም ያደነቀልኝ ጽሑፍ እሱ ነው።

ከወራት በኋላ እማማ ሞቱ። ጠዋት ላይ ነው። በእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት እንደዚያ ያለ ዝምታ ሆኖ አያውቅም። ሼሁ መጡ፤ ሰግደው ለመቅበር ማንም አይከለክላቸውም። ቃሬዛውን ግን ለመያዝ ከሰፈሩ አንድ ሰው አልወጣም። ሸምሱ ገበያ ሄዶ ሦስት በርበሬ ተሸካሚዎች ለምኖ አመጣ፤ ከማረቆ በኩል የመጡ፣ እማማን አንድ ቀን አይተዋቸው የማያውቁ ሰዎች። እሱ አራተኛ ሆኖ ቃሬዛውን አነሱና በጀፎረው መሃል ወጡ። ግራና ቀኝ ሰው በየደጃፉ ቆሟል። እንደ ደንቡ ሬሳ ሲያልፍ ሁሉም ተነስቶ ይከተላል። እሳቸው ሲያልፉ ግን ሰው እያየ ወደ ቤቱ ገባ። በር ሲዘጋ እሰማ ነበር፣ አንዱ ቀጥሎ ሌላው። እማማ ራሳቸው በአራስነታቸው ያጠቧቸው፣ ያረሷቸው፣ ልጆቻቸውን ያዋለዱላቸው ሴቶች ናቸው በሩን የሚዘጉት። እኔስ? እኔ ደጃፌ ላይ ቆሜ ነበር። አልገባሁም፤ ያንን ለራሴ ስቆጥርለት ኖሬአለሁ። ግን አልተከተልኩም። ቆሜ ቀረሁ። ሸምሱ ሲያልፍ አንገቱን አላዞረም።

ወር ሳይሞላ ሱቁን ዘግቶ ቤተሰቡን ይዞ አዲስ አበባ ገባ። ጀፎረው በስሙ እንደተጻፈ ቆየ። ከዚያ ዘመን ተገለበጠ፤ አዲሶቹ ሰዎች መዝገቡን ገልጠው ሰፊ ቦታ በአንድ ሰው ስም ስላገኙ፣ «ትርፍ መሬት» ብለው ቆራርጠው አደሉት። ቤት ተሠራበት። ሰፈሩ ያንን ሲያይ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሸምሱ ሸጦት ሄደ» አለ። ከአባ ዘርጋ አፍ ነው መጀመሪያ የሰማሁት፤ እስኪሞቱ ድረስ እንዲያ ነው ያሉት። ቁራጩን የወሰዱት ደግሞ የእኛው ሰዎች ናቸው፣ በር ዘግተው የገቡት ናቸው፤ ያኔ እርግማኑን ያነሳ አንድ ሰው አላየሁም። አሁን የቢንያም አያት ቤት የቆመበት ቦታ የፈረስ መጋለቢያ ነበር። አሁን በዚያ ላይ ባጃጅ ይዞራል፣ አንዱ ፎቅ እየሠራ ነው፣ ፍሳሹ መሄጃ አጥቶ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ደጃፌ ይደርሳል። ማኅበሩም ስለ ፍሳሹ በየወሩ ይሰበሰባል። ውሃው የት ይሂድ ሲሉ ስሰማ አፌን ሞልቶ ስድብ ይመጣብኛል። ውሃውስ መሄጃ ነበረው።

ሐሙስ ዕለት ቢንያምን አስጠርቼ ይሄንን ሁሉ ነገርኩት። አንድም ሳላስቀር። ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ፤ አያቱን በጠራሁ ጊዜ ስልኩን ማየት ጀመረ። ስጨርስ፣ «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… ይሄ በዓል ላይ የሚነገር ነው? እንግዶች አሉ፣ ከክፍለ ከተማ የሚመጡ አሉ። ለምን ስለ ምንጩና ስለ ድልድዩ ብቻ አይነግሩንም?» አለኝ። «ወረቀቱ ላይ ያለው የሸምሱ ስም ካልተነሳ፣ ወይ ደግሞ የኔ ስም አጠገቡ ካልተጻፈ፣ ስለ ድልድይ የምለው የለኝም» አልኩት። ኮሚቴውን ላማክር ብሎ ሄደ። ትናንት ደወለ። ፕሮግራሙ ስለጠበበ ንግግሩ ቀርቷል፣ በክብር እንግድነት ግን ከፊት ወንበር ተይዞልዎታል አለኝ። ወረቀቷስ ስለው፣ ታትማ አልቃለች አለኝ። ሃምሳ ዓመት ያህል ዝም ብዬ ልናገር ስነሳ ዝም በል አሉኝ። ለእኔ ይገባኛል። ለሸምሱ ግን አይገባውም፤ ይሄንን የምጽፈው ለዚያ ነው።

ዛሬ ጠዋት ሙኒራ ዘንድ ሄድኩ። የሸምሱ ልጅ ናት፤ አባቷ አዲስ አበባ ከሞተ በኋላ ባሏን ተከትላ ቡታጅራ ተመልሳ ገበያው ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች፤ አሁን ራሷ አያት ሆናለች። ስንት ዓመት ሙሉ በሱቋ በር ሳልፍ «አሰላሙ አለይኩም» እላታለሁ፣ እሷም ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ ትመልስልኛለች፤ ከዚያ በላይ አውርተን አናውቅም። በርጩማ አውጥታ አስቀመጠችኝ። ነገርኳት። አባትሽን የመከርኩት እኔ ነኝ፣ የጻፍኩለት እኔ ነኝ፣ ያነበብኩበትም እኔ ነኝ አልኳት። የያዘችውን ጨርቅ አጣጥፋ ጨረሰች።

«አውቃለሁ ጋሼ ተክሌ» አለችኝ።

«ከማን ሰማሽ?»

«ከአባቴ ነዋ። አያቴን ቀብሮ የተመለሰ ዕለት ለእናቴ ሲነግራት እዚያው ነበርኩ።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ሰላም ስልሽ…»

«ምን ልበልዎ? እርስዎ የሚሉትን ነበር የምጠብቀው።» ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ላይ እንባ የለም፤ ቁጣ ግን አለ፣ የቆየ ቁጣ፣ ደንበኛ ፊት ጮክ ብሎ የማያውቅ። «መርካቶ እያለን አባቴ ሱቅ ከቡታጅራ ሰው ይመጣ ነበር። ሰው መጥቶልሃል ስንለው ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የሚጠይቀን። ‹ተክሌ ነው?› ይላል። አይደለም ስንለው፣ ዓይኑን ከበሩ ወደ ስፌቱ መልሶ፣ ‹እሺ፣ አስገቡት› ይላል።»